ፑዌርቶ ቫራስ፦ በጀርመን ሰፋሪዎች የተቆረቆረችው የሐይቅ ዳር ከተማ

በደቡብ አሜሪካዊቷ አገር በቺሊ፣ ከርዕሰ ከተማዋ ከሳንቲያጎ ወደ ደቡብ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ፑዌርቶ ቫራስ የያንኪዌን ሐይቅ ተንተርሳ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በከተማዋ የሚያልፍ እንግዳ በቅድሚያ የሚያስተውለው ጣሪያቸው ሾጠጥ ብሎ የተሠራ፣ ግድግዳቸው በእንጨት ፍልጥ የተለበጠ አሮጌ ቤቶችን፣ በጀርመንኛ ስም የሚጠሩ የኬክ መሸጫዎችንና እንግዳ ማረፊያዎችን ነው። የአገሬው ቋንቋ ስፓኒሽ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው የቺሊ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ታሪክ ውስጥ ነው።

ከተማዋን የቆረቆሩት ጀርመናውያን ናቸው መባሉ እውነት ቢሆንም፣ ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ግን ከሰፋሪዎቹ ባልተናነሰ የመንግሥት ሹማምንት ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ሕጉን ያረቀቁት፣ መሬቱን ጠፍ ነው ብለው የመዘገቡት፣ ደኑ እንዲቃጠል ያዘዙት፣ ቀላድ ያስጣሉትና ቀለብ ያከፋፈሉት እነርሱ ናቸው። ውሳኔዎቻቸው ያስገኙት ውጤትም ሆነ ያስከተሉት ጉዳት እስከ ዛሬ ድረስ በአካባቢው ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እንወዳለን።

የያንኪዌ ሐይቅ ከ860 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ በቺሊ ካሉት ሐይቆች በስፋቱ ሁለተኛ ነው። ከጣና ሐይቅ ጋር ሲነጻጸር ሲሶውን እንኳ አያክልም። የጣና ጥልቀት ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሲሆን የያንኪዌ ግን ከ300 ሜትር ያልፋል። ስያሜውም በነባሩ የማፑቼ ሕዝብ ቋንቋ ጥልቅ ወይም የሚሰጠምበት ስፍራ የሚል ፍቺ እንዳለው ይነገራል። በምሥራቅ አቅጣጫ 2652 ሜትር ከፍታ ያለውና ጫፉ በበረዶ የተሸፈነው የኦሶርኖ እሳተ ገሞራ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የካልቡኮ እሳተ ገሞራ ሐይቁን ቁልቁል ይመለከቱታል። የአካባቢው ዓመታዊ የዝናብ መጠን ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ዝናቡ እንደ አገራችን ክረምት በጥቂት ወራት የተወሰነ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብ ነው። ይህ እርጥበት ያበቀለው ደን እጅግ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ እስከ 1840ዎቹ ድረስ ከአካባቢው ነዋሪዎች በስተቀር ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ ሰው ጥቂት ነበር።

የደኑን መብዛት ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ የስፔንን ዘመን ማየት ያስፈልጋል። ስፔናውያን ከሐይቁ በስተሰሜን የኦሶርኖን ከተማ በ1558 የቆረቆሩ ቢሆንም፣ በ1598 የተነሣው የማፑቼዎች ዐመፅ ጸንቶባቸው በ1604 ጥለዋት ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አካባቢው ዊይቼ በሚባሉት የደቡብ ማፑቼዎች እጅ ቆየ። በ1793 ስፔናውያንና የዊይቼ መሪዎች በራዌ ወንዝ አጠገብ የሰላም ስምምነት ካደረጉ በኋላ በ1796 ኦሶርኖ እንደገና ተመሠረተች። ነጻ የወጣችው ቺሊም በ1820ዎቹ ዓመታት በኦሶርኖ አካባቢ ለሚገኙ የዊይቼ ማኅበረሰቦች ይዞታቸውን የሚያረጋግጥ የመሬት ሰነድ ሰጥታለች። ኋላ የመጡት ባለሥልጣናት ምድሩን ሰው አልባ ነው ብለው ሲጽፉ ይህ ሰነድ በመንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ እንደነበረ ልብ ሊባል ይገባል።

የሰፈራው መነሻ በ1845 ዓመት፣ ኅዳር 18 ቀን የወጣው ሕግ ነው። በፕሬዚዳንት ማኑኤል ቡልኔስ ዘመን የታወጀው ይህ ሕግ ርዕሰ ብሔሩ እስከ 6000 ኩዋድራ የሚደርስ የመንግሥት ጠፍ መሬት ለሰፋሪዎች እንዲያከፋፍሉ ሥልጣን ሰጥቷል። ኩዋድራ የተባለው የመሬት ልክ ከአንድ ሄክታር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ለአንድ አባወራ 25 ኩዋድራ፣ ለወንዶች ልጆቹም ተጨማሪ መሬት እንዲሰጥ በሕጉ የተደነገገ ሲሆን፣ የአባወራው ድርሻ ብቻ በእኛ አገር የቀድሞ አለካክ አንድ ጋሻ ይጠጋል። በአገሩ የአንዲት ጥማድ እርሻ ባለቤት ላልነበረ የገጠር አናጢ ወይም ሸማኔ ይህ በሕልሙም ያላየው ርስት ነበር። ከዚህም ሌላ ሰፋሪዎች ለ20 ዓመታት ከግብር ነጻ እንዲሆኑ የተፈቀደላቸው ሲሆን፣ በሰፈራው መንደር ኑሯቸውን እንደመሠረቱ ቺሊያዊ ሆነው እንደሚቆጠሩም ሕጉ ደንግጓል። መንግሥት መሬት እየሰጠ ዜጋ መሥራቱ በዘመኑ እንደ ብልሃት ተቆጥሮ ነበር።

መንግሥት ይህንን የፈለገበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። አገሪቱ እጅግ ረጅምና ጠባብ ከመሆኗ የተነሣ የማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን በደቡቡ ክፍል ከስም ያለፈ አልነበረም። ሌሎች ኃይሎች ቀድመው ይይዙታል የሚል ሥጋት ነበር፤ ለዚህም ነው በ1843 አንዲት ትንሽ መርከብ ተልካ የማጄላንን የባሕር ወሽመጥ በቺሊ ስም የያዘችው። በሌላ በኩል የዘመኑ የሳንቲያጎ ገዢ መደብ ሥልጣኔና ታታሪነት ከአውሮፓ ሰው ጋር ተሳፍሮ የሚመጣ ነገር አድርጎ ያምን ነበር። ነባሩን ሕዝብ እንደ አልሚ አለመቁጠሩ ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ በመሆኑ፣ ሕጉ ጠፍ የሚለውን ቃል ሲጠቀም ማን ምን ያህል እንዳረሰ ሳይጠይቅ አልፏል።

ሐሳቡን ለመንግሥት በማቅረብ ረገድ ከፍተኛ ሚና የነበራቸው በፕሩሺያ የተወለዱት አሳሽ ቤርንሃርድ ኤውኖም ፊሊፒ ናቸው። በ1842 ደኑን ሰንጥቀው ያንኪዌ ሐይቅ የደረሱት ፊሊፒ፣ ወደ ማጄላን በተላከችው መርከብም ተሳፍረው ነበር። በእርሳቸው ጥረት በ1846 ዘጠኝ የሔሰን ቤተሰቦች ወደ ቫልዲቪያ መጡ። በ1848 ደግሞ መንግሥት የሰፈራ ወኪል አድርጎ ወደ ጀርመን ላካቸው። ጊዜው አብዮት የተቀሰቀሰበት፣ የድንች በሽታ ያስከተለው ችግር ያልሻረበትና የእጅ ባለሙያው በፋብሪካ ምርት ገበያውን የተነጠቀበት በመሆኑ ለመሰደድ የተዘጋጀ ሰው ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ ወኪሉ የተሰጣቸው መመሪያ ካቶሊኮችን እንዲመለምሉ ሲሆን፣ የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት ምእመናኖቻቸውን ለመሸኘት አልፈቀዱም። በመሆኑም ከተመለመሉት ውስጥ የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች ሆኑ። ፊሊፒ ሲመለሱ የሰፈራው ኃላፊ ይሆናሉ ተብሎ ቢጠበቅም ወደ ማጄላን አስተዳዳሪነት ተዛውረው በ1852 በዚያው በአካባቢው ነባር ሰዎች እጅ ተገድለዋል።

ሥራውን የተረከቡት ቪሴንቴ ፔሬዝ ሮሳሌስ ናቸው። እኚህ ሰው በነጋዴነት፣ በጋዜጠኝነት፣ በካሊፎርኒያም በወርቅ ፍለጋ ዕድላቸውን ሞክረው የተመለሱ ሲሆን፣ በ1850 የሰፈራ ወኪል ሆነው ሲሾሙ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት አልፎ ነበር። ቫልዲቪያ ሲደርሱ የጠበቃቸው ችግር የትኛውንም የመሬት አስተዳደር ባለሙያ የሚያስገርም አይደለም። ሰፋሪዎች እየመጡ ነው የሚል ወሬ ቀድሞ በመሰማቱ፣ የመንግሥት ነው የተባለው መሬት በአንድ ሌሊት ባለቤት ያበጀ ያህል ሆኗል። ባለገንዘቦች ከነባሮቹ ነዋሪዎች መሬት በርካሽ እየገዙ፣ አንዳንዴም የሻጩ ማንነት በውል ባልታወቀበት ሁኔታ የውል ሰነድ እያዘጋጁ ሰፊ ቦታ በስማቸው አስመዝግበው ነበር። በመሆኑም በቫልዲቪያ አካባቢ ለሰፋሪ የሚሰጥ የመንግሥት መሬት ከወረቀት ላይ ጠፋ። ከአውሮፓ የወራት የባሕር ጉዞ አድርገው የመጡ ቤተሰቦች በኮራል ወደብ በሚገኘው አሮጌ የስፔን ምሽግ ውስጥ ተጠልለው የሚሰጣቸውን መሬት ለመጠበቅ ተገደዋል።

በቫልዲቪያ የቀሩት በአብዛኛው ገንዘብና ሙያ ያላቸው ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሔርማን በተባለችው መርከብ በኅዳር ወር 1850 የገቡት የቀድሞው የካላው ከተማ ከንቲባ ካርል አንቫንተር የቢራ ፋብሪካ አቋቁመዋል፤ በ1858 የተመሠረተው የጀርመን ትምህርት ቤትም በስማቸው የሚጠራ ነው። ገንዘብ ላልነበራቸው ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። ፔሬዝ ሮሳሌስ ዓይናቸውን የጣሉት ነጋዴዎች ገና ወዳልደረሱበት፣ ወደ ያንኪዌ ሐይቅ ነው።

መሰናክሉ ደኑ ነበር። ወኪሉ ፒቺ ሁዋን የተባሉ መንገድ ጠቋሚ የአካባቢው ተወላጅ ቀጥረው ከኦሶርኖ አቅጣጫ እስከ አንዲስ ተራሮች ግርጌ ድረስ ያለውን ደን እንዲያቃጥሉ አዘዙ። በ1851 የተለኮሰው እሳት፣ ወኪሉ በኋላ በጻፉት የትዝታ መጽሐፍ እንደገለጹት፣ ለሦስት ወራት ያህል ሳይጠፋ ነድዷል፤ ጢሱም ርቃ በምትገኘው ቫልዲቪያ ሰማዩን አጨልሞታል። በእሳቱ ከወደሙት ዛፎች መካከል አሌርሴ የተባለው የጽድ ዘመድ ይገኝበታል። አሌርሴ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ከሚኖሩ ዛፎች አንዱ ሲሆን፣ ከ3600 ዓመት በላይ የቆየ ዛፍ በቀለበቱ ቆጠራ ተረጋግጧል። እንጨቱ ውኃ የማያበሰብሰውና በቀላሉ የሚፈለጥ በመሆኑ በአጎራባቹ የቺሎኤ ደሴት የአሌርሴ ሳንቃ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያነት ያገለግል ነበር። አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን መሬት ለማግኘት ሲል የአገሬው ሰው እንደ ገንዘብ የሚቆጥረውን ሀብት በእሳት እንዲበላ ማዘዙ ዛሬ ለሚያነብ ሰው ግራ ያጋባል። ለፔሬዝ ሮሳሌስ ግን ጉዳዩ ግልጽ ነበር፤ ሰፋሪው መርከብ ላይ ነው፣ መሬቱ ደግሞ ከዛፍ በታች ነው።

የዚሁ እሳት ሌላ ገጽታ በጊዜው ብዙም አልተጻፈበትም። ደኑ ለዊይቼዎች የማገዶ፣ የአደን፣ የማርና የመድኃኒት ምንጭ፣ የከብቶቻቸውም መጠለያ ነበር። እሳቱ ካለፈ በኋላ የተረፈው ገላጣ መሬት በመንግሥት ካርታ ላይ ለሰፋሪ የሚታደል ሆኖ ሲገኝ፣ ይጠቀሙበት የነበሩት ሰዎች ይዞታቸውን የሚያስረዱበት ምልክት አብሮ ተቃጥሏል ማለት ይቻላል።

በኅዳር ወር 1852 ሱዛነ የተባለች መርከብ 200 ያህል ሰፋሪዎችን ይዛ ከሐይቁ በስተደቡብ ባለው የባሕር ዳርቻ፣ ሜሊፑዪ በተባለ ስፍራ ደረሰች። በዚያን ጊዜ ስፍራው የቺሎኤ ሰዎች አሌርሴ የሚፈልጡበት ከመሆን በቀር ከተማ አልነበረም። በየካቲት 12 ቀን 1853 በዚሁ ቦታ በወቅቱ ፕሬዚዳንት በማኑኤል ሞንት ስም የተሰየመችው ፑዌርቶ ሞንት በይፋ ተመሠረተች፤ በዚያው ዓመት የያንኪዌ የሰፈራ ግዛት ራሱን ችሎ እንዲተዳደር ተወሰነ። ከባሕሩ እስከ ሐይቁ ያለው ርቀት 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መሬቱ ረግረግና በወደቀ ግንድ የተሞላ በመሆኑ ይህን 20 ኪሎ ሜትር መሻገር ከውቅያኖሱ ጉዞ ይልቅ የከበደ ሆነ። በመጀመሪያው ሰሞን ወደ ደኑ ገብተው ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎችም ነበሩ። መንገዱ የተሠራው ግንድ በግንድ ላይ በመደርደር ሲሆን፣ ሥራውን ከሰፋሪዎቹ ጋር ያከናወኑት የቺሎኤ ሠራተኞች ናቸው። ስለ ሰፈራው የሚጻፉ ታሪኮች የጀርመኖችን መጥረቢያ ሲያወሱ የእነዚህን ሰዎች መጥረቢያ የሚዘነጉ ቢሆንም፣ በሐይቁ ዙሪያ የሚታዩት ቤቶች የጣሪያና የግድግዳ ፍልጥ አሠራር የቺሎኤ አናጢዎች ሙያ ለመሆኑ እማኝ አያሻውም። ሰፋሪዎቹ ከረሃብ የተረፉበት ድንችም ቢሆን ከጀርመን የመጣ አይደለም፤ ቺሎኤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚበቅለው ድንች ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

የሐይቁ ዳርቻ የተከፋፈለበት መንገድ በተለይ ትኩረት የሚስብ ነው። ቀላድ ጣዮቹ መሬቱን በክብ ወይም በካሬ ሳይሆን እያንዳንዱ ይዞታ በጠባቡ ጎን ሐይቁን እንዲነካና በረጅሙ ወደ ደኑ እንዲገባ አድርገው ሸነሸኑት። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የጀልባ ማቆሚያ ነበረው። መንገድ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሐይቁ ራሱ መንገድ ሆኖ አገልግሏል። ጎረቤት ከጎረቤቱ በጩኸት በሚሰማበት ርቀት መኖሩም አንዱ ሲታመም ወይም ቤቱ ሲቃጠል ለመረዳዳት አስችሏል። ሽንሸናው ጉድለት አልነበረውም ማለት ግን አይደለም፤ ከዳርቻው የራቀው የይዞታው ክፍል ለብዙ ዓመታት ሳይመነጠር የቀረ ሲሆን፣ ልጆች ሲበዙ ጠባቡ መሬት ለመካፈል አስቸጋሪ ሆኗል። ሁለተኛው ትውልድ ወደ ኮረብታው እየወጣ አዲስ መሬት ፍለጋ የገባው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከዊይቼዎች ጋር የይዞታ ግጭት የተባባሰውም ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው።

በያንኪዌ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከፑዌርቶ ሞንት የሚመጣው መንገድ ከውኃው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ፑዌርቶ ቫራስ በ1854 ተቆረቆረች። ስሟን ያገኘችው በፕሬዚዳንት ሞንት መንግሥት የአገር ውስጥ ሚኒስትር ከነበሩትና ለሰፈራው ድጋፍ ካደረጉት ከአንቶኒዮ ቫራስ ነው። ፑዌርቶ በስፓኒሽ ወደብ ማለት ሲሆን፣ ባሕር ለሌላት ከተማ ይህ ስም መሰጠቱ በከንቱ አይደለም። ከሐይቁ ዙሪያ የሚሰበሰበው ስንዴ፣ ድንች፣ ቅቤ፣ ማርና ቆዳ በጀልባ እየመጣ የሚራገፈው፣ ከዚያም በበሬ ጋሪ ወደ ባሕሩ የሚጫነው እዚህ ነበር። በሰሜኑ ጫፍ ፑዌርቶ ኦክታይ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ በ1856 የተመሠረተችው ፍሩቲያር ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጡ ስለነበር፣ ከተሞቹ በእርሻው መካከል የተነሡ የመጫኛ ጣቢያዎች ነበሩ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መንግሥት ለሰፋሪው የሰጠው መሬት ብቻ አልነበረም። ጥማድ በሬ፣ ላም፣ ዘር፣ ሳንቃና ምስማር፣ ለመጀመሪያው ጊዜም የቀለብ ገንዘብ ይሰጠው የነበረ ሲሆን፣ የሕክምና አገልግሎትም ተመድቦለታል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ተመላሽ ብድር ነበር። እነዚህ ድጋፎች ባይኖሩ የመጀመሪያዎቹን ክረምቶች ያለፈ ሰፋሪ ጥቂት በሆነ ነበር፤ የዘሩት ሰብል በዝናብ ሲበሰብስ ወይም የተቃጠለው ግንድ ሥር ማረሻ አላስገባ ሲል ሰውን ያቆየው ከመንግሥት ጎተራ የሚመጣው ቀለብ ነው። የጀርመኖቹ ስኬት የትጋታቸው ብቻ ውጤት ተደርጎ ሲነገር የሚሰማው በዚህ ምክንያት አጥጋቢ አይደለም። ለዊይቼ ገበሬ ጥማድ በሬና የ20 ዓመት የግብር ዕረፍት የሰጠ አካል አልነበረምና፣ ሁለቱን በታታሪነት ማነጻጸር ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

የሃይማኖት ጉዳይ ሌላው የአስተዳደር ፈተና ነበር። በ1833 የወጣው የቺሊ ሕገ መንግሥት ከካቶሊክ ሌላ እምነት በአደባባይ እንዳይመለክ ይከለክላል። በሐይቁ ዳርቻ የሰፈሩት ጀርመኖች ግን ከፊሎቹ ካቶሊክ፣ ከፊሎቹ ሉተራን በመሆናቸው በአብዛኛው በየእምነታቸው ተለያይተው መንደር መሠረቱ። ፑዌርቶ ቫራስ ዙሪያ ካቶሊኮች ሲበረክቱ ወደ ፍሩቲያር የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እጅ በነበረበት ዘመን ፕሮቴስታንቱ ሰፋሪ ጋብቻውን የት እንደሚያስመዘግብ፣ ሬሳውን የት እንደሚቀብር ችግር ሆኖበት ቆይቷል። በ1865 የወጣው ሕግ ሌሎች እምነቶች በግል ቅጥር ውስጥ እንዲያመልኩና ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ በ1883 እና በ1884 ደግሞ የመቃብር፣ የጋብቻና የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ ወደ መንግሥት ተዛወረ። እነዚህ ሕጎች የወጡት በሰፋሪዎቹ ምክንያት ብቻ ባይሆንም፣ የመጤዎቹ መኖር ጥያቄውን ይበልጥ አጣዳፊ ማድረጉ አልቀረም።

ከ1846 እስከ 1875 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቫልዲቪያ፣ ኦሶርኖና ያንኪዌ የገቡት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች 6000 ያህል እንደሆኑ ይገመታል። ካስከተሉት ለውጥ አንጻር ሲታይ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ከኋለኞቹ መካከል ከቦሔሚያ የመጡት ሰፋሪዎች በ1875 ከፑዌርቶ ቫራስ አቅራቢያ ኑዌቫ ብራውናው የተባለችውን መንደር መሥርተዋል። የጀርመን ትምህርት ቤቶች፣ የመዘምራን ማኅበራትና የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ቡድኖች በየከተማው ተቋቋሙ። የአካባቢው ጀርመንኛም ከስፓኒሽ ጋር እየተቀየጠ የራሱን መልክ ያዘ፤ ዛሬ በዕለት ተዕለት ንግግር የሚጠቀሙበት አረጋውያን ብቻ ሲሆኑ፣ ኩኸን የሚለው የኬክ መጠሪያ ግን በመላው ቺሊ የስፓኒሽ ቃል ያህል ተለምዷል።

የባቡር ሐዲድ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፑዌርቶ ሞንት ሲደርስ የሐይቁ ማመላለሻ ጀልባዎች ሥራ ቀዘቀዘ። ፑዌርቶ ቫራስ ግን የባቡር ጣቢያ ያገኘች በመሆኗ ከጭነት ወደብነት ወደ መዝናኛ ከተማነት ለመሸጋገር ቻለች። ከ1915 እስከ 1918 የታነጸው የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን በጀርመን ጥቁር ደን ግዛት የሚገኝ ቤተ ክርስቲያንን አብነት አድርጎ በእንጨት የተሠራ ነው። በግንቦት 22 ቀን 1960 በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው፣ 9 ነጥብ 5 መጠን ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ ደቡባዊ ቺሊን ሲመታ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ከተሠሩት ሕንጻዎች ብዙዎቹ የወደሙ ሲሆን፣ የእንጨት ቤቶቹ በአመዛኙ ተርፈዋል። በ1992 የከተማዋ ነባር ክፍል በቅርስነት የተከለለውም ለእነዚሁ ቤቶች ጥበቃ ለማድረግ ነው። ጎረቤቷ ፍሩቲያር በበኩሏ ከ1968 ጀምሮ በየዓመቱ የሙዚቃ ሳምንት የምታዘጋጅ ሲሆን፣ በ2010 በሐይቁ ላይ የተሠራ ትልቅ ቴአትር ቤት አስመርቃ በ2017 በዩኔስኮ የሙዚቃ የፈጠራ ከተሞች ዝርዝር ውስጥ ተካትታለች። በ2017 በተካሄደው ቆጠራ የፑዌርቶ ቫራስ ወረዳ ሕዝብ 44 ሺህ 578 ነበር። የካልቡኮ እሳተ ገሞራ በሚያዝያ 2015 ሳይታሰብ ሲፈነዳ በወረዳው ውስጥ የሚገኙ መንደሮች በአመድ ተሸፍነው ነዋሪዎቻቸው ለጊዜው ተፈናቅለዋል።

የመሬቱ ጥያቄ ግን በመቶ ሰባ ዓመት ውስጥም አልተዘጋም። በጥቅምት ወር 1912 ከኦሶርኖ በስተምዕራብ ፎራዌ በተባለ ስፍራ የዊይቼ ቤተሰቦች ከይዞታቸው በፖሊስ ኃይል እንዲነሡ ሲደረግ ከአሥር በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ቺሊ በ1993 የነባር ሕዝቦችን ሕግ አውጥታ መሬት ገዝቶ ለማኅበረሰቦች የሚመልስ ፈንድ ያቋቋመች ሲሆን፣ በ2008 ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅትን ስለ ነባር ሕዝቦች የሚደነግገውን 169ኛውን ስምምነት አጽድቃለች። የዊይቼ ማኅበረሰቦች ለጥያቄያቸው በማስረጃነት ከሚያቀርቧቸው ሰነዶች አንዱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከቺሊ መንግሥት ራሱ የተሰጣቸው፣ ከላይ የተጠቀሰው የመሬት ሰነድ ነው። ሰነዱ ሕጋዊ መሆኑን የሚክድ ባይኖርም፣ በዚያው መሬት ላይ ከዚያ በኋላ የተሰጡ ሌሎች ሰነዶች በመኖራቸው ጉዳዩ በየደረጃው እየታየ ይገኛል።

የደኑ ዕጣም እንዲሁ ነው። በሐይቁ ዙሪያ በሚገኘው ሜዳ ላይ አሌርሴ ዛሬ የሚታየው እንደ ጉቶ ነው። በ1976 መንግሥት ዛፉን የተፈጥሮ ሐውልት አድርጎ በመሰየም መቁረጡን ከልክሏል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ የኦሶርኖን እሳተ ገሞራ ጨምሮ እስከ አርጀንቲና ድንበር የሚዘረጋው ብሔራዊ ፓርክ በ1926 የተከለለ ሲሆን፣ በቺሊ እስከ አሁን ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች ቀዳሚው ነው። የፓርኩ ስም ቪሴንቴ ፔሬዝ ሮሳሌስ ይባላል። መንገድ የጠቆሙትና እሳቱን በትእዛዝ የለኮሱት የፒቺ ሁዋን ስም ግን ከወኪሉ መጽሐፍ ውጪ እምብዛም ተጽፎ አይገኝም።